ዞሬ እመጣለሁ ያለ ደንበኛ

ሐደራ፣ እስራኤል፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኮኮቤ፣

የሊድስ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። አባትሽ ዘበነም ደህና ነው፤ የበርበሬ ወፍጮው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ቀርቶ ቤትም ገብቶ እየጮኸ ያወራል እንጂ ሌላ የሚያመው የለም። ከሁሉ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ የምትተረጉሚልኝ ነገር ኖሮ አይደለም። ከውስጡ ሌላ ወረቀት የለም። ካላመንሽ ፖስታውን ገልብጠሽ አራግፊው።

በሐምሌ የጉምሩኩን ወረቀት በስልክ ተርጉመሽልኝ ስታበቂ፣ «እማ፣ አንቺ የምትደውዪልኝ ለእንግሊዝኛው ብቻ ነው» አልሽኝ። ቀጥለሽም «ቆይቼ እደውላለሁ» ብለሽ ዘጋሽው። እኔም መልስ አልሰጠሁሽም። ነጋዴ መልስ የሚሰጠው ዕቃውን ይዞ ነው። ያልሽውን እንዳለ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና፣ በሳምንቱ ሰፈራችን ያለው የሕዝብ ማዕከል፣ ማትናስ ሄጄ ለአዋቂዎች በሚሰጠው የሥራ እንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገብኩ።

ኮኮቤ፣ ይህ ትምህርት እኮ ገበያ ነው! ፈረንጆቹ በሥራ ቦታ ነገሩን በስሙ አይጠሩትም ለካ። ቀላል ሥራን «ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ፍሬ» ይሉታል። አስተማሪያችን ኖአ፣ በዕድሜ አንቺን የምታክል ልጅ፣ ይህን ስታስረዳ «እኛ አገር እሱን ፍየል ቀድማ ትጨርሰዋለች» ብላት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መጋዘን ውስጥ ጭነት ማንሻ የሚነዳው ዮራም ደግሞ፣ «ይታይሽ ባለችበት ፍየሏም አታተርፍም» ብሎ ቀለደብኝ። «ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት» ሲሉ ኳስ የሚባል ነገር የለም፤ ተራው ያንተ ነው ማለታቸው ነው። ይቺን ወድጃታለሁ። በርበሬ ስቀነጥስ እንኳ እደጋግማታለሁ።

አንድ ቀን «ሰርክል ባክ» የሚባለው ላይ ደረስን። ኖአ፣ «ጉዳዩን ለጊዜው ትተን ቆይተን እንመለስበታለን ማለት ነው። ጨዋ አነጋገር ነው፤ እሺ ብላችሁ ትቀበላላችሁ» አለች። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ኖአ፣ የኔ ቆንጆ፣ ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ።»

«የትኛውን ሰውዬ?»

«እንዲህ የሚለውን ነዋ። አዘዞ ገበያ እናቴ ዘንድ ይመጣ ነበር። ቅመሙን ያሸታል፣ ያደንቃል፣ ‹ዞሬ እመጣለሁ› ይላል። ዞሮ ሲመጣ ግን አላየሁም።»

«እናትሽ ታዲያ ምን ታደርግ ነበር?»

«ዋጋ አትቀንስም። በቅናሽ የተመለሰ ደንበኛ ዕድሜ ልኩን ቅናሽ ይፈልጋል። ‹ምን ጎደለ?› ብላ ትጠይቀውና ዝም ትላለች።»

ኖአ ሳቀችና፣ «በይ እንግዲያው ይህንኑ በእንግሊዝኛ እንለማመደው» አለችኝ። ዮራም ገዢ ሆነ፣ እኔ ሻጭ። እስኪሰለቸው ድረስ ጠየቅኩት።

አሁን ዋናውን ስሚ። ከስግድ በዓል በፊት ባለው ረቡዕ የሐምቡርጉ ቅመም አከፋፋይ በቪዲዮ ደወለልን። ናሙና የላክንለት፣ አንቺ ስታናግሪልኝ የነበረው ሰውዬ ነው። ኢንዱስትሪ ዞን ባለው የሥራ ቤታችን ወፍጮውን አስቆምን። አባትሽ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ጎኔ ተቀመጠ። ካሜራው እሱን አያሳይም፤ ለማን እንደለበሰ እንጃ።

ሰውዬው ሽታው ግሩም ነው፣ ቀለሙ ግሩም ነው ሲል ቆየ። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሌት አስ ሰርክል ባክ ኢን ጃንዋሪ!»

አባትሽ ክንዴን ጨበጠና፣ «ጃንዋሪ አለ! በጃንዋሪ ሊገዛን ነው!» አለኝ።

«ዝም በል ዘበነ፣ ሰውዬው ሄዷል።»

«የት ሄደ? ይኸው ፊቱ!»

ፊቴን አልለወጥኩም። «ሚስተር፣ ዋን ሚኒት ፕሊዝ። ዋት ኢዝ ሚሲንግ?» አልኩት፤ ያው የእናቴ ‹ምን ጎደለ?› ነው። ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ለማለት እንግሊዝኛ አያስፈልግም። አባትሽ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት።

ሰውዬው ወንበሩን ተደገፈ፣ ሳቅ አለና እውነቱን አወጣው። ናሙናውን ሱቆቹ ውስጥ አስቀምጦት ሰዎች እያነሱ ያሸቱታል፤ ምን እንደሚሠሩበት ስለማያውቁ ግን ይመልሱታል። ከረጢቱ ደግሞ ለእነሱ ቤት ዓመት የሚበቃ ነው። ትንሽ ከረጢት፣ ጀርባው ላይ የወጥ አሠራር የተጻፈበት። የጎደለው ይኸው ነው! ዋጋውን ጨርሶ አላነሳም። እኔ ደንግጬ ብቀንስለት ኖሮ በከንቱ ነበር የምከስረው።

«ኦኬይ! ዘ ቦል ኢዝ ኢን ማይ ኮርት!» አልኩት። አርብ ጠዋት ትንሹን ከረጢት አዘጋጅቼ፣ የምስር ወጥ አሠራር ከኖአ ጋር በእንግሊዝኛ ጽፈን ለጥፈንበት ፎቶውን ላክሁለት። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ጭነት አዘዘ! ኢሜይሉን ራሴ ከፍቼ፣ ራሴ አነበብኩት። አባትሽ ወፍጮው አጠገብ ቆሞ እልል አለ። «ወንድ ልጅ እልል ይላል?» ብለው፣ «አንቺ እያነበብሽ ስለሆነ ተክቼሽ ነው» አለኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ እንግሊዝኛ ነፃ ነሽ። በስልካችን ላይ ኢንቮይስም ጉምሩክም አይመጣም። በሱ ፈንታ ምን እንደምናወራ ገና በደንብ አላውቅም። በሐምሌ በስልክ የሰማሁት ሳል ለቀቀሽ ወይ እልሽ ይሆናል። ማታ ምን እንደምትበዪ፣ ከማን ጋር እንደምትስቂ። ሰንበት ናሓል ሐደራ መናፈሻ ባሕር ዛፉ ሥር ስንሄድ አባትሽ ይህን ሁሉ እኔን ይጠይቀኛል፤ የምመልስለት የለኝም። ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ስልኬ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው።

የእስራኤል አምላክ በሄድሽበት ይቅደምልሽ፣ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ።

«ቆይቼ እደውላለሁ» ካልሽኝ ኅዳር ደረሰ። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝና ጠይቄ ዝም ልበል።

ምን ጎደለ፣ ኮኮቤ?

እናትሽ ይታይሽ