የአስቴር ክኒንና የልጄ ብሎግ

ሐምሌ 26፣ ማክሰኞ። ከጧቱ 2 ሰዓት

ዛሬም ዘጋችው። ወጥ ቤት ስገባ ላፕቶፑን ጥርቅም። ልጄ ሰናይት ናት። የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ከአባቷ ምን ትደብቃለች? ሥራ ነው አባዬ አለች። ሥራዋ ሆስፒታል ደም መመርመር ነው። ደም በላፕቶፕ አይመረመርም። ሞኝ መሰልኳት።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ከፓርክ ሂል ሰፈር ሁለት ሴቶች መጡ። እኔ ስገባ ጸጥ። አንተ ደብተር ብቻ ነህ የማትደብቀኝ። አንተንም ፍራሽ ሥር ነው የማስቀምጥህ፤ ዘመኑ አይታመንም።

ሐምሌ 28፣ ሐሙስ

ሃቫና ስትሪት፣ እዚህ ባዕድ አገር የሐበሻ ሱቅ የበዛበት መንገድ። ጾሙ ሳይገባ ሥጋ ልገዛ ሄጄ ግርማን አገኘሁት። የማኅበራችን ሰብሳቢ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነ። ብሎግ ይባላል አለ። ሴቶች ናቸው፣ በአማርኛ ይጽፉበታል፣ ስማቸውን አያወጡም። ቡዳ የለም ይላሉ። ሴት ባሏን ሳታስፈቅድ ሐኪም ዘንድ ትሂድ ይላሉ። ከየት አገኘኸው አልኩት። ከሚስቱ ከጽጌ ስልክ ነው፤ ተደብቃ ስታነብ ያዛት።

«አንደኛዋ ያንተዋ ናት» አለኝ። «የጻፈችውም ቤትህን ነው። ላንብብልህ?»

አንባቢ አልቀጠርኩም አልኩት። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አለኝ። ወደ ስልኬ ላከው። ሲልክ ይስቅ ነበር፣ አይቼዋለሁ።

ሐምሌ 30፣ ቅዳሜ

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ፊደል በፊደል። ጣቴ ሲነካው ጽሑፉ ይሸሻል።

ስለ እናቷ ነው። ስለ አስቴር፣ ስለ ሟቿ ሚስቴ። ስም አልጠራችም። እናቴ በፍልሰታ የግፊት ክኒኗን ጧት ጧት መዋጥ ተወች ትላለች። ክኒን ውሃ ይፈልጋል፣ ውሃ ጾም ይፈታል ተብላ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጠብቃለች፣ ደክሟት ትተኛለች፣ ክኒኑ ይረሳል። ጾሙ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሰሰ። ከዚያ ሳይንሱን ትዘረዝራለች። ቄሱም ቢጠየቁ ለታመመ ይፈቅዱ ነበር፣ የጠየቀ ግን የለም ትላለች።

የከለከላት ማን እንደሆነ አልጻፈችም። አታውቅም? ወይስ ታውቃለች? ራት ስታቀርብ ዓይኗን አየሁት። ምንም የለበትም። ይሄ ነው ያስጠረጠረኝ።

ነሐሴ 1፣ እሑድ። ከቤ/ክ መልስ

ግርማ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ጽሑፉን አጥፊ ሊሏት። እናትሽ በጾም ነው የሞተችው፣ እንዲህ ያለ ሞት ለሁሉ አይሰጥም፣ አንቺ ግን በሽተኛ አደረግሻት አላት።

«በሽተኛማ ነበረች፣ ጋሼ ግርማ» አለችው። ሻይ ቀዳችለት።

አንደኛው ሽማግሌ ባል ቢኖርሽ ለዚህ ጊዜ አታገኚም ነበር አለ። «ለዚህ እኮ ነው የሌለኝ» አለች። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ዋጥኩት።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። ሴቶች እየጻፉላት ነው፣ የኛም እናት እንዲሁ ታደርጋለች እያሉ። ቢሆንም አባዬ ካሉ አጠፋዋለሁ አለች። «ግን እዚሁ ይንገሩኝ። እማዬን ክኒን ጾም ይፈታል ያላት ማን ነው?»

«ራሷ ናት» አልኩ። ቶሎ አልኩት። «አጥፊው።»

ፊታቸው አጠፋችው። ግርማ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። እሷ ብርጭቆ ሰብስባ ገባች። ወጥመድ ነበር? ሰው ፊት የጠየቀችኝ ለምንድን ነው?

ነሐሴ 3፣ ማክሰኞ። 5 ሰዓት

ግርማ ደወለ። ደስ ብሎታል። ጽጌም የግፊት ክኒኗን ከትናንት ጀምራ ለዘጠኝ ሰዓት አቆየችው አለኝ። ያቺ ጽሑፍ አስፈርታት ነበር። አስቴር በገዛ ፈቃዷ ነው የተወችው፣ ባሏ ራሱ መስክሯል ሲላት ልቧ ተመለሰ። አስቴር አርአያዋ ሆነች።

አሁኑኑ ትዋጠው አልኩት። ጮህኩ።

«ምነው፣ አንተም ብሎግ ጀመርክ?» አለ። ስቆ ዘጋው። መልሼ ደወልኩ። አያነሳም። የጽጌን ቁጥር ከየት ላምጣ። ሚስቱን ስልክ ጠይቄ አላውቅም፣ ነውር ነው።

ጽጌ ግን ብሎጉን ታነባለች።

ሰናይትን ጠራኋት። መልሰሽ አውጪው፣ እኔ የምጨምረው አለ አልኳት። ምን ብላ አልጠየቀችም። ላፕቶፑን ከፈተች። ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቀች ዝም ብላኝ እንደሆነ... ይሁን።

እሷ እንድትጽፈው አልፈልግም። ታሳምረዋለች። ታዝንልኛለች። በገዛ እጄ እዚህ እጽፈዋለሁ፣ ፎቶ ታንሳውና ታውጣው። ከነስሜ፣ ከነፊርማዬ። ፈጥኜ ልጻፍ፣ ጽጌ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ክኒን መቆየት የለባትም።

ያን ዓመት ጾሙ የገባ ዕለት ጧት አስቴር ብርጭቆውን ሞልታ፣ ክኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር። ብርጭቆውን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ።