በበቅሎሽ ምትክ የገዛኋት ዋዝ

የኔዋ የሺ፣

ከተለያየን ይኸው ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሞላን። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ከእኔ ንዝንዝ ያረፈ ሰው ምን ይሆናል። እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ። የቀሩኝ ጥርሶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም እርስ በርሳቸው አይገናኙም። አንቺ ስትሄጂ ገና ትድኽ የነበረችው የልጅ ልጅሽ ዛሬ ፊደል ቆጥራ እኔን ታስተምረኛለች። የማላውቅ መስዬ ስሳሳትባት ልትገርፈኝ ይቃጣታል። በማን እንደወጣች አንቺው ታውቂያለሽ።

የጓሮው አጥር ክረምቱ ጥሎት በቆርቆሮ ተክተነዋል። የተከልሽው ጌሾ ከጣሪያው በላይ ሆኗል። አልጋው ላይ እኔ ዛሬም ግድግዳውን ተጠግቼ ነው የምተኛው። ወደ መሃል የመጣሁ እንደሆነ በክርንሽ የምትገፊኝ ይመስለኛል።

የዛሬው ደብዳቤዬ ግን ስለ ዋዟ ነው። ስሟ ሲነሳ ፊትሽን እንደምታዞሪ አውቃለሁ። ቢሆንም ስሚኝ። ሌላ ሰው ቢያነበውም እንዲገባው ከሥሩ ልጀምር።

ወጣት ሳለሁ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበርኩ። መጀመሪያ ያየሽኝም ባለሸራዋን የሩሲያ ጂፕ፣ ዋዝን እየነዳሁ፣ አቧራ እያለበስኩሽ ሳልፍ ነው። ካረጀሁ በኋላ ኮምቦልቻ ላይ አሮጌ የጦር መኪኖች በጨረታ ይሸጣሉ ሲባል ሰማሁና ልቤ ተነሳ። ያችን ዳማ በቅሎሽን ሸጬ ሄድኩ። በየዓመቱ በጥር፣ ለአስተርእዮ ማርያም እሷን ጭነሽ፣ እናትሽ ወደተቀበሩባት ወደ ትውልድ ደብርሽ ትወርጂ ነበር። “እንግዲህ በምን ልሄድ ነው?” ብትዪኝ፣ “እንደ ሹም ሚስት በመኪና አደርስሻለሁ” አልኩሽ።

መኪናዋ በሌላ መኪና ተጭና መካነ ሰላም ገባች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሲያይ አንቺ አንዴ ዞርሻትና፣ “ሬሳ ነው እንዴ የገዛኸው? ልቅሶ ልጥራ?” አልሽ። እውነትም ሸራዋ ተቦጫጭቆ ነበር፤ ወለሏ ዝጎ በቀዳዳው መሬቱ ይታያል። መካኒኩ ሰይድ ሲያያት ራሱን ያዘ። በርሜል ቆርጠን ወለል አበጀንላት። ከሥር የሚሸከማትን ብረት፣ ባሌስትራዋን፣ ደሴ ድረስ ሄጄ ከአሮጌ መኪኖች መሃል ለቅሜ አመጣሁ። ቀለሟን እንደ ጥንቷ የወታደር አረንጓዴ ላደርግ ስፈልግ ገበያው ላይ የተገኘው የበር ቀለም ብቻ ሆነ። አንቺም “ቁም ሳጥን መሰለች” አልሽ። ዶሮዎችሽ ከኋላ ወንበሯ ላይ መውለድ ሲጀምሩ ደግሞ፣ “ባትሄድም እንቁላል ትሰጣለች” እያልሽ ለጎረቤት ታወሪ ነበር።

ሞተሯ ተነሳ። ችግሩ ከከተማ አለመውጣቷ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ለአስተርእዮ ነጭ ልብስሽን ለብሰሽ፣ ለማርያም የተሳልሽውን ጧፍ ታቅፈሽ ከጎኔ ተቀመጥሽ። አራት ዓመት ሙሉ ገበያውን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ትን ይላትና ቀጥ ትላለች። ገበያተኛው እየገፋ ይመልሰናል፣ አንቺም በነጠላሽ ተከናንበሽ ትስቂያለሽ። ሰይድ ቤንዚኑ ውሃ አለበት ስላለኝ፣ ቤንዚን በጀሪካን የሚሸጥልንን ሰውዬ ገበያ መሃል ሌባ ብዬ አዋረድኩት።

በአራተኛው ዓመት ግን አልሳቅሽም። “እግሬም እምቢ እያለኝ ነው፤ ዘንድሮም እናቴን ሳላያት ቀረሁ” አልሽ። መስከረም ሳይጠባ ሄድሽ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ማየት ጠላሁ። በቅሎሽን ሸጬ ከእናትሽ መቃብር ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ቀልጄ አልፋለሁ። ልማዴን ታውቂዋለሽ።

ያለፈው ክረምት ሲወጣ ሰይድ መጣና፣ “ጋሼ፣ ወላሂ ይቺን መኪና ሳላስነሳት እርስዎን መሞት አልፈቅድልዎትም” አለኝ። ካርቡሬተሯን አጠብን፣ ካንዴላዋን ቀየርን። በመጨረሻ የቤንዚን መያዣዋን ፈተን ጓሮ ውስጥ ደፋነው። ከቤንዚኑ ውሃው በዛ። ሰይድም “ይሄ እኮ መኪና አይደለም፣ ምንጭ ነው” እያለ ሲገረም፣ የጽዋ ጓደኛሽ ወይዘሮ ደብሬ ልትጠይቀኝ በበሩ ገባች። የፈሰሰውን አይታ እጇን ዘረጋች፦ “ኧረ በማርያም፣ እንዳትረግጡት። ጠበል ነው።”

ሰይድ ጨርቁን እንደያዘ አንድ እግሩን አነሳ፤ ቀጥሎ ሌላውን፤ እየተጠነቀቀ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ግን “የምን ጠበል?” አልኳት።

ደብሬ ሁሉንም ነገረችኝ። እሑድ እሑድ ከጠበሉ ስትመለሺ አንዱን ኩባያ እኔን ታጠጪኛለሽ። የተረፈውን ደግሞ ጀርባዬን ስሰጥ ጠብቀሽ፣ ክዳኑን ከፍተሽ ለመኪናዋ። “የእሱን ጉልበት፣ የእሷን ሆድ ይማርልኝ” ትዪ ነበር አሉ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ትነሳልኝ ብለሽ ባጠጣሻት ቁጥር ትወድቅ ነበር፣ የሺ። አንድ ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ደግሞ ምን ብለሽ ትነግሪኛለሽ፤ እኔ መቼ ለቁም ነገር ጆሮ ነበረኝ። “ምን ሆና ነው የምትቆመው?” ብለሽ ከልብሽ ስትጠይቂኝ፣ “የአንቺን ክብደት አይታ ደንግጣ” ነበር መልሴ። ያኔ ቀልዴን ትቼ ቤንዚንና ውሃ እንደማይስማሙ ብነግርሽ ኖሮ እናትሽ ዘንድ ትደርሺ ነበር።

መያዣው ውስጥ የቀረውን ሰይድ ራሱ ተሸክሞ፣ እግር በማይደርስበት በጌሾው ሥር አፈሰሰው። እኔም ቤንዚን ሻጩን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ምክንያቱን ስነግረው፣ “ሚስትህ ሞታም በእሷ ታላክካለህ?” አለኝ። ታረቀኝ እንጂ እስከ ዛሬ አላመነኝም።

መኪናዋ ዳነች። ወሬው ርቆ ተሰማና አሮጌ የጦር መኪና የሚሰበስብ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ መጣ። እየዞረ ሲዳስሳት፣ ምራት ለማየት የመጣ ሽማግሌ ይመስል ነበር። ልጃችን አልማዝ፣ “አባባ፣ አይንዎን ሞራ እየጋረደው ነው። ይስጡትና ይረፉ” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማዶ ያለውን ሰው ከግንድ የምለየው ሲንቀሳቀስ ነው። እስከ አስተርእዮ ብቻ ታገሱኝ አልኳቸው።

ዘንድሮ በአስተርእዮ ጠዋት ወረድን። ደብሬ ካልሄድኩ ብላ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ሰይድ ከኋላ፣ ድንጋይ ሲኖር “ግራ ጋሼ፣ ቀኝ ጋሼ” እያለ አይን ሆነኝ። ቁልቁለቱ ላይ አራቱን ጎማ የምታስገባዋን ትንሿን ማርሽ ሳስገባ፣ ደብሬ አይኗን ጨፍና የማታውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠራች። አንቺ ብትሆኚ የምትጠሪው እኔን ነበር፤ “አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል” እያልሽ። ያንን ድምፅ እስከ ወንዙ ድረስ ጠበቅሁት። ወንዙን ተሻገርን፣ የመጨረሻውን አቀበት ወጣን፤ ዋዟ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳላትም። ያለ አንቺ ይህን ያህል መታዘዟ አናደደኝ።

ጧፍሽን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጥቼ የእናትሽን መቃብር ሳፈላልግ፣ በከዘራ የተደገፉ አንዲት አሮጊት የማን ነህ አሉኝ። የየሺ ባል ነኝ አልኩ። አላወቁሽም። የአባትሽን ስም፣ ቤታችሁ የነበረበትን ቦታ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። “ቆቂትን ነው የምትለኝ?” አሉ። ለሥራ ስትጠሪ ገብሱ ውስጥ እንደ ቆቅ ትሸጎጪ ስለነበር እናትሽ ያወጡልሽ ስም ነው አሉኝ። እናትሽ ማሳው ዳር ቆመው “ቆቂት፣ ቆቂት” እያሉ ሲጣሩ መንደሩ ሁሉ ይሰማ ነበር አሉ።

አርባ ዓመት አንድ ጎጆ ኖረን ይህን ስም ደበቅሽኝ። አልፈርድብሽም። ብትነግሪኝ ኖሮ ገበያ መሃል ስጠራሽ እውል ነበር።

እናትሽ መቃብር አጠገብ ብዙ ልናገር አስቤ ነበር። የወጣልኝ “ይዣት ልመጣ ነበር፣ ዘገየሁ” የሚለው ብቻ ነው።

ለአዲስ አበባው ሰው አልሸጥም ብዬዋለሁ። አይኔ እስከፈቀደልኝ እኔ፣ እሱ እምቢ ሲለኝ ሰይድ እየነዳ፣ በየዓመቱ ለአስተርእዮ እወርዳለሁ። ካህናቱ በክርስትና ስምሽ ያስቡሻል። እኔ እናትሽ የቆሙበት ማሳ ዳር ቆሜ ቆቂት ብዬ እጣራለሁ። አቤት እንደማትዪኝ አውቃለሁ። ግን በጥር ገብሱ ታጭዶ ስለሚያልቅ፣ መደበቂያ የለሽም።

ያው ነዝናዛው ባልሽ
ከመካነ ሰላም