የግርማ ቀኝ ትከሻ

እሑድ

በባሌ ቆሽቴ አርሯል። ከቅዳሴ ስንወጣ ጓደኛው በላይ ከጎን መጣና ወንዶቹ ሰላም እንደሚባባሉት ትከሻውን በትከሻው ገጨው። ቀኙን፣ የተሰበረውን! በላይ ምን ያድርግ፤ የሚኖረው ከኛ ራቅ ብሎ ፎርት ዎርዝ ከተማ ነው፣ ግርማ መውደቁን አልሰማም። ግርማ ደግሞ ክንዱን የሚይዝለትን ማንጠልጠያ መኪና ውስጥ አውልቆ፣ እጁን ኮቱ ኪስ ከትቶ ነው የገባው። ሰው እንዳይጠይቀው። የአጥንት መሳሳት የአሮጊት በሽታ ነው፣ ምን ብዬ ላውራ ይለኛል።

ለበላይ ፈገግ አለለት። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን እንባው መጣ። ስቆጣ ስቆጣ ቆይቼ አንጀቴን በላው፤ ቁጣዬን ትቼ ነዳሁ።

ሰኞ

ክሊኒኩን ኮል አደረግኩ። ነርሷ ጣቶቹ ደንዝዘው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልደነዘዙም። እብጠትም የለም። እንግዲያው በቀጠሯችሁ ሐሙስ ለራጅ ኑ፣ ማንጠልጠያው እንዳይወልቅ አለች።

ሐኪሙ ባለፈው ያለው ከጆሮዬ አልወጣም። የሳሳ አጥንትም ይገጥማል፣ ግን ቀስ እያለ ነው። ገና ሳይጠነክር ከተመታ ቦታውን ሊስት ይችላል። ከሳተ ኦፕራሲዮን ነው፤ አጥንቱን የሚያስሩበት ብሎን ደግሞ የሳሳ አጥንት ላይ አጥብቆ ላይይዝ ይችላል። ግርማ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ነው የሚነዳው፣ ቀኑን ሙሉ ሻንጣ ሲያነሳ የሚውል ሰው። ክንዱ እንዲሁ ቢቀርስ?

አወዳደቁ እስካሁን ይገርመኛል። ፓርኪንግ ላይ ተደናቅፎ፣ እንቁላል እንደያዘ። አንድም እንቁላል አልተሰበረም፤ የተሰበረው እሱ ነው። ለአስሙ ለዓመታት የዋጠው ኪኒን አጥንቱን እንዳሳሳው ያወቅነውም ያኔ ነው።

ማክሰኞ

በላይ ደወለ። ግርማ እንዳትነግሪው ብሎኝ ነበር፣ ነገርኩት። ይቆጣ!

ከሥራ ስመለስ በላይ እርጎና ሰርዲን ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል። ለአጥንት ጥሩ ነው ብለውት ነው። ግርማ አጠገብ ተቀመጠና "ምነው ብትነግረኝ?" አለው።

"አፈርኩ" አለ ባሌ።

በኋላ በላይ ስለ አባቱ አወራ። እየጎበጡ፣ እያጠሩ ነው የሞቱት፤ እርጅና ነው ብለን ተውነው አለ። ግርማ ሲሰማው ቆይቶ ማንጠልጠያውን በራሱ እጅ አጠበቀ።

ረቡዕ

ሸሚዙን ሳለብሰው አናቴን ሳመኝ። ክፉ ዜና ቢሆንስ አለኝ። አብረን እንሰማዋለን አልኩት። ውስጤ ግን ፈርቷል።

ሌላም አለ፣ ለሱ አልነገርኩትም። ከወደቀ ጀምሮ መተኛት ስለሚያመው የሚያድረው ሳሎን፣ ወንበር ላይ ነው። አልጋው ሰፋብኝ።

ሐሙስ

አልተንቀሳቀሰም! ተመስገን። ሐኪሙ ራጁን ስክሪኑ ላይ አሳየን። ስብራቱ ዙሪያ ጉም የመሰለ ስስ ነጭ ነገር አለ፤ አዲስ አጥንት ነው። እንዲህ ከቀጠለ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። አጥንት የሚያጠነክር መርፌ ይጀምራል፣ ፊዚዮቴራፒም አለ። ሻንጣ ግን ገና ነው። ከባዱን ጨርሶ ላያነሳ ይችላል፤ እሱን ሲሰማ አቀረቀረ። ከዚያ ጉሟን እንደገና እንዲያሳየው ለመነው።

እሑድ

ዛሬ ማንጠልጠያውን ከኮቱ በላይ አድርጎ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ለጠየቀው ሁሉ "አጥንቴ ሳስቶ ነው" ይላል። ሌሎቹ ወንዶች ደንግጠው የራሳቸውን ትከሻ ይዳብሳሉ። በላይ ሲመጣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ራቅ ብሎ ቆመ፣ ሊነካው ፈርቶ። ግርማ ሄዶ ግራ ትከሻውን ሰጠው። ቀስ በሉ፣ የቀረን አንድ ነው አልኳቸው፤ ሳቁብኝ።

ቤት ስንገባ ዛሬ አልጋችን ላይ ልሞክር አለኝ። ከጀርባው ትራስ ደረደርኩለት፣ ቀና ብሎ ተኛ። ከተጋባን ጀምሮ ቦታዬ በቀኙ በኩል ነበር፤ ይህን የምጽፈው በግራው ተጋድሜ ነው። ቦታው ግራ ገብቶኛል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። እሱ እያንኮራፋ ነው። ናፍቆኝ ነበር።