ባለ አራት ወንበሩ ጠረጴዛ

ሰኞ፣ ጥቅምት 7

ቢሮ የሕንፃ ፕላን ስስል ሰዓቱ ሄደብኝ። ምሳ ቤቱ ሞልቶ ደረስኩ። አስተናጋጁ... እኔ ጀነራል ነው የምለው፤ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሰውን ሁሉ በጣቱ ያሰልፋል። "ብቻሽን ነሽ?" አለኝ። እያየኝ! ከዚያ በአገጩ ወደ እጅ መታጠቢያው ጠቆመኝ። እዚያ ጥግ አንዲት ሚጢጢ ጠረጴዛ አለች። የታጠበ ሁሉ እጁን የሚያራግፈው ሾርባዬ ላይ ነው።

ሥራዬን እወደዋለሁ። ከተማውንም እወደዋለሁ። እሱ ገና አላወቀኝም እንጂ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 8

ዛሬ ቀድሜ ሄጄ መስኮቱ ጋ፣ ባለ አራት ወንበሩ ላይ ጉብ አልኩ። ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ሥራ ይዤ... የእጅ መታጠቢያ ጎረቤት የምሆነው ምን በድዬ ነው?

"ሰው አለው?" "የለውም።" አንዱ ወንበር ሄደ። ሁለተኛውም ሄደ። ሦስተኛውን የወሰደው ሰውዬማ ጭራሽ አልጠየቀኝም። ያን የሚያህል ጠረጴዛ ላይ ብቻዬን ስቀር ፈተና የተቀመጥኩ መሰልኩ። ግን አልተነሳሁም። ፓስታዬን ቀስ ብዬ እየጠቀለልኩ ጨረስኩ። ይየኝ ያለ ይየኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

እማዬ ደወለች። ምን በላሽ ብላ አታውቅም፤ ከማን ጋር በላሽ ነው የምትለው። ከጓደኞቼ ጋር አልኳት። ስንት ናቸው? ሦስት። (የሄዱትን ወንበሮች ቆጥሬ መሆን አለበት።) ውሸቴን ከልጅነቴ ጀምሮ ከአተነፋፈሴ ነው የምታውቀው።

ከዚያ ዱብ ዕዳውን አመጣችው። ታላቅ ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣል። እዚያው እነሱ ጋ፣ ያደግኩበት ሰፈር፣ ጓደኛው ቢሮ ሥራ አግኝቶልኛል። ጓደኞቼን ካያቸው ይተወኛል። ካላያቸው ከነሻንጣዬ ይዞኝ ይሄዳል። "ብቻሽን ሆነሽ ከስተሽ አላይሽም" አለችኝ።

ከሳሁ እንዴ? መስታወት አየሁ። ጉንጬ እዚያው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

ሦስት ጓደኛ እስከ ቅዳሜ ከየት ይመጣል?

አለቃዬ ምሳ የሚባል ነገር አያውቅም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ልጇን ልታጠባ ቤቷ ትሮጣለች። የቀሩት ጋሽ ባርኔጣ ናቸው። ንድፋችንን የሚያርሙት እሳቸው ናቸው፤ ባርኔጣቸውን እንኳን ለእኛ ለአለቃውም አያወልቁም። ቅዳሜ ጓደኛዬ ሆነው ምሳ ይብሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁ፣ ሳቁ... ባርኔጣው ሊወድቅ።

"የኔ ልጅ፣ ጓደኛዋ ተብዬ እኔ ከቀረብኩ፣ ወንድምሽ እያለቀሰ ነው የሚወስድሽ።"

እውነታቸውን ነው። እኔም ሳቅኩ። ወንበሬ ላይ ስመለስ ግን ሳቁ ከመቼው ጠፋ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 11

ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድኩት። አየሁት። መልሼ ሰቀልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

መጣ። ክፍሌን በአንድ ዙር ጨረሳት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ኩባያ። ኩባያውን አገላብጦ አየና እንግዳ ሲመጣ በምን እንደማጠጣ ጠየቀኝ።

ምሳ ወሰድኩት። ጀነራል ሁለት መሆናችንን ሲያይ በክብር መስኮቱ ጋ አስቀመጠን። እንዴት እንደተናደድኩ! ወንድሜ ሁለቱን ባዶ ወንበሮች አየ፤ ሰዓቱን አየ።

"ጓደኞችሽ አረፈዱ እንዴ?"

ሥራ በዝቶባቸው ነው ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር...

"አይመጡም። የሉም። እማዬን ዋሽቻታለሁ።"

"ገብቶኛል። በይ ብዪና ሻንጣሽን እንያዝ።"

"አልሄድም።"

"እዚህ ማን አለሽ?"

"ማንም። ከከፋኝም እዚሁ ይክፋኝ።"

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ጀነራል ዞር ብሎ አየን። አላቆምኩም። እቤትስ ቢሆን፣ አልኩት፣ አንተና እማዬ ስለ እኔ ስትመካከሩ አጠገባችሁ ቁጭ ብዬ አልነበር? አንድ ቀን ዞር ብላችሁ አንቺስ ምን ትያለሽ ብላችሁኛል? ያኔም ብቻዬን ነበርኩ፤ ከስተሻል ያለኝ ግን የለም።

ሹካውን አስቀመጠ።

"እማዬን ምን ልበላት?"

"ያየኸውን።"

አውቶቡስ ተራ ስሸኘው ጥብቅ አድርጎ አቀፈኝና "ግትር" አለኝ። ስመለስ መንገድ ለመንገድ አለቀስኩ። ባለቅስስ? እያለቀሱ እዚህ መቅረትም መቅረት ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 14

ጀነራል ዛሬም በአገጩ ጠቆመኝ። አልፌው መስኮቱ ጋ ሄድኩ።

ያቺ ጥግ ግን ባዶዋን አልቀረችም። አንዲት ልጅ ተቀምጣባታለች። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ሰው እጁን ሲያራግፍ ሩዟን በመዳፏ ትከልላለች፤ ሲሄድ ትጎርሳለች። ሌላው ሲመጣ ደግሞ ትከልላለች። ማንንም ቀና ብላ አታይም። አላስችል አለኝ። ተነሳሁ፣ ሄድኩ፣ ሰሃኗን ብድግ አደረግኩት።

"ነይ" አልኳት።

ክው አለች። ተከተለችኝ። ምን ታድርግ፣ ምሳዋ እኔ እጅ ነው።

ጥርስ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው። ከመጣች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ። ወሬ የምታበዛ አይደለችም፤ ብዙውን ያወራሁት እኔ ነኝ። መሐል ላይ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ?"

"ከዛሬ ጀምሮ።"

አልሳቀችም። ሩዟን ግን በእጇ ሳትከልል በላች። እኔም እስክትጨርስ አልተነሳሁም።