ሃኒባል ሮማ ገብቶ ቢሆን ኖሮ

ዲማ፣ ጥር 1987 ዓ.ም.

ወንድሜ ወንዳፈረው፣ ጎግ ያላችሁ ሁሉ ደህና ናችሁ?

ይህን ካርድ ማንም አልጻፈልኝም፤ የገዛ እጄ ነው። የማታ ትምህርት እንዲህ ያደርጋል። እኔ ግን ደክሞኛል። እናንተ በቆሎ ዘርታችሁ ቡቃያውን ታያላችሁ፤ እዚህ ከጭቃ በቀር የሚታይ የለም።

ከጎረቤታችን ከኦጁሉ ጋር አንድ የወርቅ ጉድጓድ ይዘን ወር ሙሉ ቆፈርን። ጉድጓድ ሦስት ቀን ከተተወ የመጣ ሰው ይወርሰዋል። ዛሬ ቀትር ላይ ኦጁሉ አካፋውን ጣለና «ሚስቴ ልትወልድ ነው፤ ቤቴ እገባለሁ» አለ። ለብቻዬ አልችለውምና የተማርኩትን ታሪክ አወጣሁ።

«ሃኒባል የሚባል የካርቴጅ ጦር አዛዥ ዝሆን እየነዳ ተራራ ተሻግሮ የሮማን ሠራዊት ደመሰሰ። ያን ጊዜውኑ ሮማ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ቄሳር የሚባል አይፈጠርም፤ ዓለምን የሚገዛው የአፍሪካ ሰው ነበር። አንድ ክንድ ብቻ እንጨምር።»

«ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት እዚያ ቆየ?» አለኝ።

«አሥራ ሦስት።»

«ሮማን ያዘ?»

«አልያዘም።»

«አንተ ሷሊህ፣ ታዲያ ያን ቀን ቤቱ ተመልሶ ቢሆን ኖሮስ?»

መምህራችን ይህን አላስተማሩንም። ጭቃዬን ታጠብኩ።

ነገ አብረን እንነሳለን። ወለተሥላሴንና ቤዚን ሳምልኝ፤ ለኦጁሉ ሚስት እየመጣ ነው በላት። ቦታ አለቀብኝ። ለሰፈሩ ሰው ግን «ሷሊህ ወርቁን ንቆት ተመለሰ» በልልኝ።