ሁለተኛውን ጆይስቲክ ማን ያዘው?

ታደለ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ በጋውም እየተጋመሰ ነው። ሰው ሁሉ "ጊዜ ያስረሳል" እያለ ያጽናናኛል። እኔን ደግሞ ታውቀኛለህ፣ እንዲህ የሚለኝን ሰው ምን ፈልጎ ይሆን እያልኩ እጠረጥረዋለሁ። "መርማሪዋ" እያልክ ስትስቅበት የኖርከው ጠባዬ አንተ ከሄድክ ወዲህ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም።

ስለ ቤታችን ልንገርህ። ውሃ አሁንም በተራ ነው። በመሥሪያ ቤትህ ላቦራቶሪ ውስጥ በቦታህ ሌላ ልጅ ተመድቧል፤ ደም ሲወስድ እጁ ይከብዳል ይላሉ። አይቼው አላውቅም፣ ግን አልወደድኩትም። የጓሮዋን ሰርቪስ ጀማል ለሚባል ባጃጅ ነጂ አከራይቻታለሁ። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከገለምሶ አምጥተናት በአማቿ ቤት ስትሳቀቅ ስለኖረች፣ አሁንስ አገርሽ ልመልስሽ ብላት እምቢ አለች። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ከደሴ ጭሮ ስትመደብ በሻንጣህ ይዘኸው የመጣኸውን ያንን አሮጌ ቲቪ ጌም ለወንድምህ ልልክለት አስቤ፣ በነጭ ጋወንህ ጠቅልዬ ቁምሳጥኑ ላይ አኑሬው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከኳየር ልምምድ ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። አቧራ ልጠርግ ብዬ የዚያን ጎባጣ ቴሌቪዥን ጀርባ ብነካው ሞቋል። እማዬ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ሰው ገብቶ ነበር ወይ ብላት፣ ቀና እንኳ ሳትል ማን ይገባል አለችኝ። ጋወኑን ብፈታው የጆይስቲኮቹ ገመድ እኔ በጠቀለልኩበት አኳኋን አልነበረም።

ጀማልን ጠረጠርኩ። የበሩን ቁልፍ ስቀይር አይቶ ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ በማግስቱ ራሱ መጥቶ "ወላሂ እህቴ፣ እኔ ሳሎንሽን ረግጬ አላውቅም" አለኝ። አፍሬ ወደ ቤት ገባሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቴሌቪዥኑ እንደገና ሞቆ ጠበቀኝ። አንተ ትሆን እንዴ ብዬ ያሰብኩበትም ደቂቃ ነበር። የኳየር ልብሴን እንደለበስኩ እንዲህ ማሰቤን ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለቱን ጆይስቲኮች ጎን ለጎን አድርጌ መረመርኳቸው። ያንተው የመተኮሻ ቁልፉ ቀለሙ መልቀቁ አይገርምም። የሁለተኛው ግን ካንተውም ብሶ ጎድጉዷል። እኔ እንዳልሆንኩ አንተም ታውቃለህ። በተጋባን ሰሞን ልታስተምረኝ ሞክረህ ነበር። የጌሙን ካሴት ከማጫወቻው አውጥተህ ከሥሩ እፍ ትልበትና መልሰህ ትሰካዋለህ፤ ከዚያ የታንኩ ጨዋታ ይመጣል። ያንተ ቢጫ፣ የኔ አረንጓዴ፤ ሥራችን ከታች በጡብ የታጠረችውን ንስር መጠበቅ ነበር። እኔ ግን ከኋላዬ ስትመጣ ደስ ስለማይለኝ ከጠላት ይልቅ አንተ ላይ ነበር የምተኩሰው። አንዴ ንስሯንም ራሴው መትቼ ጨዋታው አለቀ። "ሴትዮ፣ ጠላት እኮ ከላይ ነው የሚመጣው" ብለህ እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። እኔም ተቀይሜ ዳግመኛ አልነካሁትም።

ታዲያ ያንን ቁልፍ ማን አጎደጎደው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ በር ሸኝተኸኝ "አትቸኩዪ፣ ደህና አድርገሽ ዘምሪ" የምትለኝ ትዝ አለኝ። ባል ሚስቱን አትቸኩዪ የሚላት ለምንድን ነው? ለቅሶው ላይ ከእኔ በላይ ያለቀሰችው ነርስም ትዝ አለችኝ። እማዬ እቤት አልነበረችም ወይ ትለኝ ይሆናል። እማዬማ አንተ ሳሎን ስትገባ ሻርፗን አፏ ላይ ስባ ወደ ጓሮ የምትወጣ ሰው ናት። በእሷ አገር ሥርዓት አማት ከአማቿ ፊት አትቀመጥም፣ አብራው አትበላም፣ ስሙንም አትጠራም፤ ያን ሁሉ ዓመት "እሱ" ከማለት በቀር ጠርታህ አታውቅም።

ፎቶህን ከግድግዳው አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማልቀስም ተውኩ። ለማላውቀው ሰው ምን ብዬ ላልቅስ?

ባለፈው ቅዳሜ ልምምድ አለኝ ብዬ ወጣሁና ከባጃጅ መቆሚያው በጓሮ በኩል ተመለስኩ። በሳሎኑ መስኮት፣ በመጋረጃው ጎን አሾለቅሁ።

እማዬ ናት። መነጽሯን አድርጋ፣ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ጨብጣ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ያንተ ጆይስቲክ በወዲያኛው ጫፍ፣ በቦታህ ላይ ተቀምጧል። ቢጫው ታንክ ከንስሯ አጠገብ ቆሟል፤ የሚነዳው የለም። አረንጓዴው ዙሪያውን እየሮጠ ወደ ቢጫው የሚመጣውን ሁሉ ይመታል። ሲያቅታት የራሷን ታንክ ፊቱ ላይ ትገትርና ለቢጫው የተተኮሰውን እሷ ትቀበላለች።

ስገባ እንደ ሌባ ደነገጠች። መጀመሪያ ያስረዳችኝ ሥርዓት አለማፍረሷን ነው። አንድ ቀን ልትጠርግ ገብታ ሳለ፣ ዞር ሳትል ጆይስቲኩን ሶፋው ጫፍ ላይ አስቀመጥክላት። እሷም ተቀመጠች፤ ሁለታችሁም ቴሌቪዥኑን ታያላችሁ።

"ፊት ለፊት አልተያየንም፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" አለችኝ። "አብረን አልበላንም። ስሙን አልጠራሁም። ንስሯን ብቻ ነው የጠበቅነው።"

የኔ ኮቴ ሲሰማ እሷ ወደ ጓሮ፣ አንተ ወደ እንቅልፍ። ያ ሁሉ ማንኮራፋት ውሸት ነበር ለካ!

ታዲያ ዛሬ ብቻሽን ሆነሽ ለምን የሁለት ሰው ታደርጊዋለሽ አልኳት። በጣቷ ቢጫውን አሳየችኝ።

"እሱ እዚያ ቆሟል። እኔ እያለሁ አይመቱትም።"

አጠገቧ ተቀምጬ ያስቀረሁብህን ለቅሶ ሁሉ አለቀስኩ። ፎቶህንም መለስኩት።

ጌሙን ለወንድምህ አልልከውም፤ ይቀየመኝ። ቅዳሜን ከኳየር አስፈቅጃለሁ፤ ምክንያቱ የእናቴ ጉልበት ነው ብያለሁ። ያንተን ጆይስቲክ ማንሳት ግን አልተፈቀደልኝም። ወገንና ጠላት አትለዪም አለችኝ፤ አንተ ነግረሃት መሆን አለበት። አሁን የቀረኝ ጥርጣሬ አንድ ነው። ሁልጊዜ እሱን የማድነው እኔ ነበርኩ ትላለች። እኔ ደግሞ ሆን ብለህ ጥይት መንገድ ላይ ትቆምላት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ለእሷ ግን ትንፍሽ አልልም።

እንዳልረሳህ ቃል የምገባልህ እዚሁ፣ ከእናቴ ጎን ሆኜ ነው። ሁልጊዜ አይሳካላትም፤ ቢጫው ተደጋግሞ ይመታና ይጠፋል። ያኔ እማዬ ያለ እሱ አትቀጥልም። ማጫወቻውን ታጠፋለች፣ ካሴቱን ታወጣለች፣ ልክ እንዳንተ ከሥሩ እፍ ትልበትና መልሳ ትሰካዋለች። እኛም ከንስሯ አጠገብ፣ በቦታህ፣ ቆመህ እናገኝሃለን።

ያንተው መርማሪ