የእህቴን ሞት በየአርቡ ለሚያስጎበኙልን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር ኡስታዝ ሙንዚር፣ የሰፈራችን የጉብኝት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
እስክንድርያ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ ይብዛልን፤ ሴት ልጆችዎንም አላህ እንደኛ ካለው ዝና ይሰውርልዎ። እኔ ራውያ እባላለሁ፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በገዛ ቤታችን የተገደለችውና ገዳይዋ እስከ ዛሬ ያልተገኘው የሱሄር እህት ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ ቤታችንን «ያልተፈቱ ወንጀሎች» ላለው ጉብኝት አራተኛ ማረፊያ ስላደረገልን፣ ምስጋናዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ እናቴ ሦስተኛ ፎቅ ስለምትኖር፣ እንደ ሰፈሩ ሴት ሁሉ ዳቦና ፉል የምትገዛው ከበረንዳ ቅርጫት በገመድ አውርዳ ነው። እንግዶችዎ ልማዱን ወደውት ጥያቄያቸውን እዚያው ይከቱላታል። ባለፈው ወር ከዳቦው ጋር የወጣው ወረቀት «ሀጃ፣ ልጅሽ ውሽማ ነበራት የሚባለው እውነት ነው እንዴ?» ይላል። ማንበብ ስለማትችል «አንብቢልኝ» አለችኝ። «አላህ ያጽናሽ ይላል» ብዬ ዋሸኋት፤ እሷም ቁልቁል እያየች መረቀቻቸው።

2ኛ/ አስጎብኚዎ የሬሳዋን ፎቶግራፍ ከፍ አድርጎ ሲያሳይ ለክብሯ ሲል ፊቷን መሸፈኑን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። የሸፈነው ፊቷን ብቻ ነው።

3ኛ/ ለእናታችን ሱሄር በአንድ ምት እንደሞተች፣ «እማዬ» ለማለት እንኳ ጊዜ እንዳላገኘች ነግረናት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ተጽናንታ ኖራለች። ባለፈው አርብ አስጎብኚዎ ከበረንዳችን ሥር ቆሞ ሱሄር ከመሞቷ በፊት አርባ ደቂቃ ሙሉ እናቷን ስትጣራ እንደነበር በድምፅ ማጉያ አስረዳ። እናቴ ወደ ቤት ገባችና «ያን ሰዓት እኮ እኔ ሰው ኒካህ አስሮ ሠርግ ቤት እልል እያልኩ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም፤ ሾርባ እንኳ በግድ ነው የማጠጣት። እባክዎን፣ ሳትሞትብኝ ይህን ማረፊያ ያንሱልኝ።

ለሟች ያላሰለሰ አሳቢነትዎን እያደነቅሁ፣ ለሕያዋንም ጥቂት እንዲተርፍ የምለምን ዝቅተኛ አገልጋይዎ፣
ራውያ

ማስታወሻ፦ ስለ አርባው ደቂቃ ለአስጎብኚዎ የነገሩት የማዕዘኑ ባለሱቅ ሀጂ በዩሚ መሆናቸውን ራሳቸው በኩራት አጫውተውኛል። ያኔ ለፖሊስ «የቀትር እንቅልፍ ወስዶኝ ምንም አልሰማሁም» ብለው ፈርመው ነበር። አሁን ከበራችን የወጣውን ሰው መልክ፣ የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር፣ በየአርቡ ለእንግዶችዎ ይተርካሉ። በሚቀጥለው አርብ አንድ መርማሪ ፖሊስ አብሮ እንዲጎበኝ ቢፈቅዱልን፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጣው ምስክር ብቻ ነበር።